ከረጢቱ የእኛ፣ ቡናው የማን? ስማችንን ከአስመሳይ ስለመጠበቅ

የዋጋውን ወሬ ነገ ጠዋት እንደተለመደው እንለቃለን። ዛሬ ግን ዋጋን ስለሚያቆመውም ስለሚጥለውም ነገር፣ ስለ ስም፣ ትንሽ እንማማር። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ላኪዎችም ዩኒየኖችም እስከ መጨረሻው ብታነቡት አትከስሩም።

ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ቆልቶ የሚሸጥ ደንበኛዬ የዘጌ ቡና ከእኔ መውሰድ ጀመረ። ሦስተኛው ጭነት እንደደረሰ ደወለልኝ፦ «ወንድሜ፣ ይሄ በእውነት ዘጌ ነው?» የከረጢት ፎቶም ላከ፤ ከጭነቱ ጋር ሳይሆን ከሌላ ሱቅ የተገዛ ነበር። ከረጢቱ እኛ ያሳተምነው ነው፤ ስልኬም አለበት። ቡናው ግን ሌላ ነው። ሳጣራ አንድ ነጋዴ ባዶ ከረጢቶቻችንን ሰብስቦ ከሌላ ቦታ በመጣ ቡና እየሞላ ሲሸጥ ኖሯል።

ልከሰው ተነሳሁ። ከዚያ ደንበኛዬ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ፦ «ያንተንና የሱን በምን ልለያቸው? ያንተም ሁለተኛው ጭነት እንደ መጀመሪያው አልነበረም።» እውነቱን ነው። ለሁለተኛው ጭነት ምርት አንሶኝ ነበርና የጎደለውን ከአንድ ሰብሳቢ ገዛሁ፤ የት እንደደረቀ አላየሁም፣ ናሙናም አላስቀረሁም። ሰብሳቢው «ዘጌ ነው» አለኝ፣ እኔም «ዘጌ ነው» ብዬ ጫንኩ። አስመሳዩን ልከስ ብዬ ራሴን አገኘሁት።

ከሹም አቦ ሆነን ዘጌ ቅርባችን ናት፤ ጀልባ ቢሉ ጀልባ፣ መኪና ቢሉ መኪና። ቡናዋ በገዳማቱ ዙሪያ በጫካው ጥላ ሥር የሚበቅል ነው፤ አባቶች ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ ምድሩ አይታረስም ይላሉ። ስለዚህ ገበያ ስለፈለገ አይሰፋም። ትዕዛዙ ከምርቱ ሲበልጥ ትርፉ ከሌላ ቦታ ይመጣል ማለት ነው፤ አስመሳይ የሚገባውም በዚችው ክፍተት ነው። የሚጎዳው ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። አንድ የዘጌ አባት ቡናቸውን ይዘው ሲመጡ ሱቆቹ «ዘጌ በርካሽ አግኝተናል» ብለው መለሷቸው። «ልጄ፣ በገዛ ስማችን ተቀደምን» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠይቄም አንብቤም የተማርኩትን በተራ ላስቀምጠው።

1. የንግድ ፈቃድ የንግድ ምልክት አይደለም።
ብዙዎቻችን ንግድ ቢሮ ስማችንን ስላስመዘገብን የተጠበቅን ይመስለናል። ያ የንግድ ስም ነው፤ ነጋዴውን ያሳውቃል። በዕቃው ላይ የምትለጥፉት ምልክት የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ሕጉም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። በአዋጁ መሠረት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። «እኔ ቀድሜ ነው የተጠቀምኩበት» ማለት ብቻውን አያስተማምንም። ምዝገባው ማመልከቻ ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያ እየታደሰ ይቀጥላል። የእድሳቱን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

2. ሁሉም ቃል የእናንተ ሊሆን አይችልም።
«ማኛ ጤፍ»፣ «ንጹሕ ማር»፣ «አንደኛ ደረጃ ቡና» የሚሉት ዓይነትንና ጥራትን የሚናገሩ ተራ ቃላት ናቸው፤ ብቻቸውን አይመዘገቡም። የቦታ ስም ብቻውንም እንደዚያው ነው፤ እኔ «ዘጌ»ን ይዤ ሌላውን የዘጌ ገበሬ ልከለክል አልችልም፣ አይገባምም። የራሳችሁ የሆነ ስምና ሥዕል ፈልጉ፣ የቦታውን ስም ከሥሩ እንደ መረጃ ጻፉት።

3. የዕቃውን ክፍል አስተውሉ።
ምዝገባ የሚደረገው በዕቃ ክፍል ነው። ቡናና ዱቄት በክፍል 30 ይገባሉ፤ ያልተፈጨ እህል ደግሞ በክፍል 31። ጤፉን በእህልነቱም በዱቄትነቱም የምትሸጡ ከሆነ በአንዱ ብቻ ማስመዝገብ የአጥሩን በር ክፍት ትቶ መተኛት ነው።

4. ለዩኒየኖች፦ ስምን በጋራ መያዝ ይቻላል።
አዋጁ የማኅበር አባላት በጋራ የሚጠቀሙበትን የንግድ ምልክትም ያውቃል። ማኅበሩ ባለቤት ይሆናል፤ አባላት በወጣው ደንብ ይጠቀማሉ፤ ደንቡን የጣሰ ምልክቱን ያጣል። አገራችን በትልቁ ያደረገችው ከዚህ የሚቀራረብ ነው። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ አመለከተች። የዚያ አገር የቡና ማኅበር ስሞቹ የወል ናቸው ብሎ ተቃወመ፤ ይርጋጨፌ ቀድሞ ሲያልፍ ሌሎቹ መጀመሪያ ላይ እንቅፋት ገጠማቸው። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክር ዓለም ያወቀው ሆነ፤ በሰኔ 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) በስምምነት አለቀ። ልብ በሉ፣ ኢትዮጵያ ከቆዪዎቹ ለስሙ ክፍያ አልጠየቀችም። ፈቃዱን በነጻ ሰጠች፤ የፈለገችው ስሙ የማን እንደሆነ ታውቆ ገበያው እንዲያድግ ነው። ላኪዎችም ከዚህ አንድ ነገር ውሰዱ፦ የአገር ውስጥ ምዝገባ አገር ውስጥ ነው የሚሠራው። የምትሸጡበት አገር ሌላ ሰው ቀድሟችሁ ሳያስመዘግብ እዚያም አስመዝግቡ።

5. ከረጢት እንደ ብር ይቆጠራል።
የእኔ ጉዳት የጀመረው ከዚህ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከማተሚያ ቤት የመጣው ከረጢት፣ የተሸጠው፣ የተበላሸውና መጋዘን የቀረው ተደምረው መግጠም አለባቸው። 1000 አሳትማችሁ 700 ሸጣችሁ፣ 20 ተበላሽቶ፣ መጋዘን 200 ካገኛችሁ 80 ከረጢት የሌላ ሰው ቡና ተሸክሞ እየዞረ ሊሆን ይችላል። የተበላሸውን ቅደዱት። ማተሚያ ቤቱም ያለ እናንተ ፊርማ እንዳያትም በጽሑፍ ተዋዋሉ። የሚመለስ ጆንያ ካላችሁ ለደንበኛው ትንሽ ብር እየከፈላችሁ ሰብስቡት፤ ካልሰበሰባችሁት ሌላው ይሰበስበዋል።

6. ሎት ቁጥርና ናሙና።
ሥዕልን ማንም ይቀዳል፤ መዝገብን መቅዳት ግን ይከብዳል። እያንዳንዱ ጭነት ቁጥር ይኑረው፦ ከየትኛው ገበሬ ወይም ማኅበር፣ መቼ ተገዛ፣ የት ደረቀ፣ ስንት ፈረሱላ ወጣው። ከእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ናሙና አሽጋችሁ፣ ፈርማችሁ አስቀሩ። ገዢው በቁጥሩ ደውሎ ሲጠይቅ መልስ ካላችሁ ያ ከማንኛውም የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ይበልጣል። ምርት ገበያ ቡና ማገበያየት ሲጀምር ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተደባልቆ ይሸጥ ስለነበር የውጭ ገዢዎች ያጉረመረሙት በዚሁ ነው፤ ቡናው መልካም ቢሆንም ከማን እጅ እንደመጣ አይታወቅም ነበር።

7. አስመሳይ ስታገኙ።
መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ግዙ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ምስክር ይኑር፣ ፎቶውን ከነቀኑ አስቀምጡ፣ ከረጢቱን አትክፈቱት። ከዚያ በጠበቃ በኩል ማስጠንቀቂያ፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት። ምልክታችሁ ከተመዘገበ ፍርድ ቤቱ ማስረጃው እንዳይጠፋ ጊዜያዊ እግድ ሊሰጥ ይችላል፤ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰውም ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣዋል። ያልተመዘገበ ከሆነም ገዢን የሚያሳስት ተግባርን የሚከለክለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፤ መንገዱ ግን ይረዝማል፣ የማስረዳቱ ሸክምም ይከብዳል። ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ አትጣሉ። ፌስቡክ ላይ የሰው ስም ጠርታችሁም አትጩሁ፤ በስም ማጥፋት ትጠየቃላችሁ፣ ደንበኛም «ዘጌ ሁሉ ፎርጅድ ነው» ብሎ ከእናንተም ይሸሻል። ይልቅ እውነተኛው በምን እንደሚታወቅ ንገሩት።

እኔስ ምን አደረግሁ? የሁለተኛውን ጭነት የዋጋ ልዩነት ለደንበኛዬ መለስኩ፤ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። አሁን የዘጌ ቡና ሲያልቅ «አልቋል» እላለሁ፤ ሌላውን የሚፈልግ በሌላ ስሙ፣ በሌላ ዋጋው ይገዛል። ትዕዛዙ አነሰ፤ የቀሩት ግን ናሙናውን ከመዝገቡ ጋር አስተያይተው የሚገዙ ናቸው፣ ዋጋም ብዙ አይከራከሩም። ያልተደባለቀ ቡና ከሌለን የምስክር ወረቀቱ የሚጠብቀው ባዶ ከረጢት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በእኛ ሥራ ግን ስም ከአንድ መጥፎ ጭነት በላይ ላይውል ይችላል።

ጣና ዙሪያ ያላችሁ ማኅበራት፣ በጋራ ምልክት ጉዳይ ለመነጋገር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ተመሳሳይ የደረሰበት ሰው ካለም ያካፍለን፤ የሰውና የድርጅት ስም ሳትጠሩ። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉት።

መልካም ገበያ።