በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ላይ በፍጥነት ጊዜ ስለሚደርስ መንቀጥቀጥ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አስመጪው የኤሌክትሪኩን ጠባይ ማወቅ ግድ ሆኖበታል።

አውቶሞቢሉ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሮጥ ቢንቀጠቀጥ፣ ከሞተሩ አስቀድሞ ጎማው ይመርመር። መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊቱ፣ መቀመጫው ከተንቀጠቀጠ የኋላው ጎማ ይጠረጠራል። ቀጥሎም ጭር ባለ ቀጥተኛ መንገድ ላይ ማርሹ ዜሮ ይደረግ፤ ፔዳሉን መልቀቅ ብቻ አይበቃም፣ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን ይይዛልና። መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ጥፋቱ የጎማ፣ የቸርኬ ወይም የባላንስ ነው፤ ካቆመ ግን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ ይታይ።

በመርከብና በወደብ ብዙ ጊዜ የቆመ ጎማ መሬት የነካው ወገኑ ይደፈጠጣል፤ ተነድቶ ሲሞቅ ካልተመለሰ ይለወጥ። ይህን ሳይመረምር ሞተር የሚለውጥ ነጋዴ ገንዘቡንም የደንበኛውንም እምነት ያጣል።