ሥራ አለ፤ ግን ምን ዓይነት ሥራ?



ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ የተጓዘ ሰው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ብዙም አያይም። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ ሌላው ቡና ይለቅማል፣ አንዷ መንገድ ዳር በቆሎ ትጠብሳለች። ታዲያ ሁሉም እየሠራ የኑሮው ልዩነት ለምን አይጠብም? ለመመረቅ ለተቃረብን ሰዎች ጥያቄው የራሳችን ነው።

መጀመሪያ ቆጠራውን እንረዳ። በዓለም ሥራ ድርጅት መለኪያ፣ በጥናቱ ሳምንት ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንድ ሰዓት የሠራ ሰው «ሥራ ያለው» ተብሎ ይመዘገባል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ለመቀመጥ የሚያበላ ዘመድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ድሃው ያገኘውን ይሠራል፤ የሥራ አጡም ቁጥር ዝቅ ይላል።

ልዩነቱ የሚለካው በጂኒ ነው፤ 0 ፍጹም እኩልነት፣ 100 ሁሉም ገቢ በአንድ ሰው እጅ ማለት ነው። በዓለም ባንክ ስሌት ደቡብ አፍሪካ (በ2014 እ.ኤ.አ.) 63፣ ኢትዮጵያ (በ2015 እ.ኤ.አ.) 35 ገደማ ነበሩ፤ ዴንማርክ 30 አትሞላም። በደቡብ አፍሪካ ሥራ ከሚፈልጉት ከ30 በመቶ በላይ ሥራ አጥ ናቸውና ደመወዝ ያለውና የሌለው ይራራቃሉ። እኛ ግን ለዴንማርክ የቀረብነው ብዙዎቻችን በትንሽ ገቢ ስለተቀራረብን ነው። በዚያ ላይ የእኛ ቁጥር የተሰላው ከቤተሰብ ወጪ ነው፤ ባለሀብቱ ያስቀመጠው ገንዘብ አይታይበትም። (የመለኪያ መሣሪያ የተማርን ሰዎች ይህን አንረሳም።)

ዴንማርክም በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም፤ ዋጋውን የሠራተኛ ማኅበራትና አሠሪዎች ተደራድረው ይቆርጡታል። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ የግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ ደመወዝ ግን ለዓመታት ሳይወሰን ቆይቷል። በፊንጫ አገዳ ለመቁረጥ ወይም ቡና ለመልቀም ለአንድ ወቅት የሚመጣ ሠራተኛ ብቻውን ምን ያህል ሊደራደር ይችላል?

መድረሳ የቀራን ሰዎች የኢጃራን ባብ እናስታውሳለን፤ ሥራውም ክፍያውም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በሱረቱል ቀሶስ እንደተወሳው ነብዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) በመድየን ሲቀጠሩ ዘመኑ 8 ዓመት፣ ከፈቀዱም 10 ተብሎ ተነግሯቸዋል። ጠዋት ሳይዋዋል የተሰማራ የቀን ሠራተኛ ግን ማታ የሰጡትን ይዞ ይሄዳል። እኛም ብንሆን ልብስ ለምታጥብልን እናት ብዙ ጊዜ ዋጋ የምንነግራት ልብሱ ከደረቀ በኋላ ነው።