ለሠርግ ፎቶ አንሺ የሚሆን የካሜራ ማንጠልጠያ

ጥያቄ፦ ሠርግና የጥምቀት በዓል ፎቶ አነሳለሁ። ከካሜራው ጋር የመጣው ማንጠልጠያ አንገቴን እያሳመመኝ ነው። በግርግር መሃል እንዳይወድቅብኝም እሰጋለሁ። ምን ልግዛ?

መልስ፦ ትልቅ ካሜራና 24-70 ሌንስ አንድ ላይ ከ1.5 ኪሎ በላይ ሊመዝኑ ይችላሉ። ጠባብ ማንጠልጠያ ይህን ሁሉ አንገት ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ የምመክርዎ ከትከሻ ተነስቶ ደረትን በሰያፍ የሚያቋርጠውንና ካሜራውን ዳሌ አጠገብ የሚያሳርፈውን ነው። ሰፊ ይሁን፤ በጣም የሚለጠጥ ከሆነ ግን ይተዉት፤ በተራመዱ ቁጥር ካሜራው እየዘለለ ይመታዎታል።

ትልቁ ጉዳይ መጋጠሚያው ነው። አንዳንዶቹ ካሜራውን ከሥር፣ በትራይፖድ ብሎን ቀዳዳ ይይዛሉ። ብሎኑ በእንቅስቃሴ ብዛት ቀስ በቀስ ይላላል። ይህን ከመረጡ ከካሜራው የጎን ቀለበት ጋር የሚያያዝ መጠባበቂያ ገመድ ያክሉበት፤ በሥራ መሃልም ብሎኑን በእጅዎ እየዳሰሱ ይፈትሹ። በዘለበት የሚታሰር ከሆነ ደግሞ ጫፉን 5 ሳንቲሜትር ያህል አስተርፈው መልሰው በዘለበቱ ውስጥ ይሰኩት። ፒክ ዲዛይን የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ማያያዣ ገመድ ሲያልቅ ከውስጥ ሌላ ቀለም ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ሳይውል ሳያድር ይቀይሩት።

የካሜራው ስም በጉልህ የተጻፈበትን ማንጠልጠያ አልወደውም፤ ሌባን ይጠራል። ታቦት በሚሸኘው ሕዝብ መሃል ሲገቡም ካሜራውን ከዳሌዎ ወደ ደረትዎ አምጥተው በእጅዎ ይያዙት።

ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ካሜራ አንጠልጥለው ሱቁ ውስጥ ይራመዱ። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።