የጉጃራት ነጋዴዎችና አዲሱ መዝገብ

በምዕራብ ሕንድ በጉጃራት የሚኖሩ ብዙ የሂንዱ ነጋዴዎች፣ የመንግሥታቸው የሒሳብ ዓመት መጋቢት 23 ቀን ቢጀምርም፣ በልማድ አዲስ መዝገብ የሚከፍቱት ዲዋሊ በተባለው የመብራት በዓል ነው። በዓሉ በጨረቃ ስለሚቈጠር ቀኑ ይለዋወጣል፤ የሚውለውም በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ ነው።

ነጋዴው አስቀድሞ ዕዳውን ይከፍላል፤ በሰው ላይ ያለውንም ገንዘብ ይሰበስባል። በበዓሉም ዕለት አዲሱን መዝገብ በሀብት አምላክ በላክሽሚና በመልካም ጅምር አምላክ በጋኔሽ ምስል ፊት አኑሮ ጸሎት ያስደርጋል። ይህ ሥርዓት ቾፕዳ ፑጃን ይባላል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሹብሕ» እና «ላብሕ» የሚሉ ቃላት ይጻፋሉ፤ ትርጓሜያቸውም «መልካም» እና «ትርፍ» ማለት ነው። ሒሳቡን በኮምፒዩተር የሚይዝ ነጋዴም ኮምፒዩተሩን ከምስሉ ፊት ያቀርባል። የቦምቤይ የአክሲዮን ገበያ ደግሞ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዲዋሊ ዕለት ለአጭር ጊዜ የሚቈይ ልዩ ግብይት ያደርጋል።

ከበዓሉ በኋላ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ይሰነብቱና፣ በአዲሱ ዓመት 5ኛ ቀን፣ በላብሕ ፓንቻም፣ ሥራ ይጀምራሉ። ስለዚህ ከጉጃራት ዕቃ የሚያስመጣ ወይም ወደዚያ የሚልክ ነጋዴ የበዓሉን ቀን በየዓመቱ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ያልተዘጋ ሒሳብም ቢኖረው ከዲዋሊ በፊት ይጨርስ። መዝገቡን በንጹሕ ገጽ ለሚጀምር ደንበኛ የቈየ ዕዳ ደስ የሚያሰኝ እንግዳ አይደለምና።