ወገብሽ ላይ የተወጋሽው መርፌ

ቀስ በይ እንጂ፤ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አፍንጮ በር የሚያወጣው ዳገት ለጤነኛም አይመች፣ እንኳን ለአራስ። ትከሻዬን ያዢና ስሚኝ።

«ግራ እግሬን ይነዝረኛል፣ ነጠላ ሲነካኝ እንኳ ያቃጥለኛል» ያልሽው የነርቭ ሕመም ነው። ያናደደኝ ዲክሎፌናክ እየዋጥሽ መክረምሽ ነው። ዲክሎፌናክ ለቁስል ሕመምና ለእብጠት ይበጃል፤ የተቆጣ ነርቭ ግን እምብዛም አይሰማውም።

ለኦፕራሲዮኑ ወገብሽ ላይ የተወጋሽው ማደንዘዣ የሚገባው ህብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ስለሆነ መርፌው ነርቭ መጉዳቱ ብዙ አይገጥምም፤ ቢገጥምም አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይሻሻላል። ደግሞ መርፌው ላይ ብቻ አትፍረጂ። ቀንም ሌትም አምጠሽ አይደል ኦፕራሲዮን የገባሽው? የልጁ ጭንቅላትም ዳሌ ውስጥ ነርቭ ይጫናል። ሐኪሙ መርፌው ሲገባ እግርሽን ነዝሮሽ እንደነበር ከጠየቀሽ ሳትደብቂ ንገሪው።

መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ አሚትሪፕቲሊን ነው። ከ10 ወይም ከ25 ሚሊግራም ይጀመራል፣ ማታ ይዋጣል። «ይሄ እኮ የድብርት ነው» የሚልሽ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ግን በትንሹ ሲሰጥ የነርቭ ሕመም ያበርዳል። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍም ያመጣል፤ ልጁን አቅፈሽ እንዳትተኚ። ጋባፔንቲን ከታዘዘልሽ ደግሞ ተሻለኝ ብለሽ በአንዴ አታቋርጪው። ሁለቱም ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋሉና በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» እንዳትዪኝ። ጡት እንደምታጠቢም አስቀድመሽ ተናገሪ። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያዘው የቫይታሚን ቢ መርፌ እጥረት ከሌለብሽ ብዙም አይፈይድልሽም።

ወጌሻ ወገብሽን እንዳያሽሽ። ጠበሉን ማንም አይከለክልሽም፣ ክኒኑን ግን አትተዪ። እግርሽ ሊደነዝዝ ስለሚችል የምትታጠቢበትን ውኃ በእጅሽ ለኪ፣ ከሰል ምድጃም አታስጠጊው፤ ሳይሰማሽ ትቃጠያለሽ።

ቀጠሮ የማይጠብቀው ይሄ ነው፦ ሽንት እምቢ ካለሽ ወይም ካመለጠሽ፣ መቀመጫሽ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግርሽ እየዛለ ከሄደ፣ ወይም ትኩሳትና የወገብ ሕመም አብረው ከመጡ። ያኔ ደም ወይም መግል ነርቩን እየተጫነው ሊሆን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ኤምአርአይ ታይቶ ካልታከመ እግር እስከማሽመድመድ ይደርሳል። ዳገቱን ከወጣን ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሆስፒታል አለ። እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውይልኝ፣ ድንገተኛ ክፍል እኔ እወስድሻለሁ።