የቤት ማከማቻ ኮምፒዩተር ሲገጣጠም ለገመድ ስለሚተው ክፍተት

የዴክላራሲዮን፣ የደረሰኝና የደብዳቤ ግልባጭ በኮምፒዩተር ማኖር የተለመደ ስለ ሆነ፣ በርከት ያሉ ሃርድ ዲስኮችን በአንድ ሣጥን አሰባስቦ በቤቱ ወይም በሱቁ የሚያገለግል ማከማቻ ኮምፒዩተር የሚያስገጥም ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ባለሙያዎች ይህን ዕቃ «ናስ» ይሉታል፤ ስሙ ከእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደሎች የተውጣጣ እንጂ ከምናውቀው ናስ ጋር ዝምድና የለውም። ገዢ በቅድሚያ የዲስኩን መጠንና ዋጋ ይጠይቃል፤ ከዲስኩ ጀርባ ስንት ጣት ቦታ እንደሚቀር ግን አይጠይቅም። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ክፍተት ነው።

የ3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ርዝመቱ 147 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ትንንሾቹ ሣጥኖች የሚሠሩት ሚኒ አይቲኤክስ ለሚባለው፣ በየጎኑ 170 ሚሊ ሜትር ለሆነው ማዘርቦርድ ስለ ሆነ፣ ፋብሪካው ቦታ የሚቆጥበው ብዙውን ጊዜ ከዲስኮቹ ጀርባ ነው። ከያንዳንዱ ዲስክ ደግሞ ሁለት ገመዶች ይወጣሉ፤ አንደኛው 7 መገናኛ ያለው የመረጃ ገመድ፣ ሁለተኛው 15 መገናኛ ያለው የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ቀጥተኛው ስፒናና የገመዱ መታጠፊያ በአንድነት ሲለኩ፣ እኔ በማስመሪያ እንዳየሁት፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይፈጃሉ። በካርቶኑ ላይ «4 ዲስክ ይይዛል» ተብሎ የሚጻፈው ይህን አይጨምርም።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ለሱቄ በገጠምሁት ሣጥን ገመዶቹን ሁሉ ሰክቼ ክዳኑን ባስጠጋው አልገጥም አለኝ፤ በመዳፌ ተጭኜ በብሎን አሠርሁት። ለሦስት ሳምንት ያህል ደኅና ሠራ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛው ዲስክ አንድ ጊዜ እየታየ ሌላ ጊዜ ይሰወር ጀመር። ዲስኩ ተበላሽቷል ብዬ አዲስ ገዛሁ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነ። በመጨረሻ ክዳኑን ባነሣው ስፒናው በግፊቱ ተጣሞ ግማሹ ከቦታው ወጥቶ አገኘሁት። የዲስክ ዋጋ የከፈልሁት ለአንዲት ርካሽ ገመድ ነበር።

ባለሱቅ በዚህ ነገር ከደንበኛው ጋር እንዳይጣላ አንድ ማስረጃ አለ። ሃርድ ዲስክ የራሱን ጤንነት የሚመዘግብበት «ስማርት» የተባለ መዝገብ አለው። በአብዛኞቹ ዲስኮች ቁጥር 199 በገመዱ ላይ የደረሰውን የመተላለፍ ስሕተት፣ ቁጥር 5 ደግሞ በዲስኩ ገጽ ላይ ተበላሽተው የተተኩትን ቦታዎች ይቈጥራል። 199 እያደገ 5 ባለበት ከቆመ፣ ዲስኩን ከመመለስ በፊት ገመዱን መለወጥ ይገባል። ቁጥሩ ከጥገና በኋላም ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ማደጉን ማቆሙ ይበቃል።

መድኃኒቱ በ90 ዲግሪ የታጠፈ ስፒና ያለው ገመድ ነው። ነገር ግን «የታጠፈ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም። የዲስኩ መሰኪያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ ሆኖ ስለ ተሠራ፣ ወደ ላይ የሚታጠፈው ወደ ታች ሊዞር አይችልም፤ ዲስኮቹ በተደራረቡበት ሣጥን ያልተስማማው መታጠፊያ የጎረቤቱን ስፒና ይገፋል። ስለዚህ አስመጪው ሁለቱንም ዓይነት ቢያዝ ይመረጣል። ርዝመቱም ይታሰብበት፤ ሳታ የተባለው የመረጃ ገመድ እስከ 1 ሜትር ይፈቀድለታል፣ በትንሽ ሣጥን ግን ከ30 ሳንቲ ሜትር የሚበልጠው ተጠቅልሎ የቬንትሌተሩን ነፋስ ከመዝጋት በቀር ጥቅም የለውም። (ሳታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ከመውጣቱ በፊት የነበረው ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ በዚህ ረገድ እጅግ የባሰ ነበር።)

በኤሌክትሪክ በኩል የፓወር ሰፕላዩ ቁመት ብዙ ይለውጣል። የተለመደው ኤቲኤክስ ጥልቀቱ 140 ሚሊ ሜትር ሲሆን ኤስኤፍኤክስ 100 ብቻ ነው፤ ሣጥኑ ሁለቱንም የሚቀበል ከሆነ ይህ የ4 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ለገመድ ይተርፋል። በአንድ ገመድ ላይ የተደረደሩት ስፒናዎች ርቀትም ከዲስኮቹ ርቀት ጋር ይስማማ፤ ከበዛ ትርፉ እየተጎበጠ ወደ ክዳኑ ይወጣል። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ገመዱ አጠረ ወይም ረዘመ ተብሎ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ተነቃይ ገመድ መሰካት አይገባም። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ስፒና በፋብሪካዎች መካከል አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ቅርጹ ቢገጥም እንኳ 12 ቮልት በ5 ቮልት መሥመር ገብቶ ዲስኮቹን በሙሉ ሊያቃጥል ይችላል።

ሣጥን ሲገዛ አንድ ዲስክ፣ ሁለት ገመድና ማስመሪያ ይዞ መሄድ ነው። ዲስኩን በቦታው አግብቶ፣ ሁለቱን ገመዶች ሰክቶ፣ ክዳኑን ያለ ብሎን ማስቀመጥ፤ ክዳኑ በራሱ ክብደት ብቻ ካልተቀመጠ ሌላ ሣጥን ወይም የታጠፈ ስፒና ይፈለግ። ባለሱቁም ከዋጋው ካርድ ላይ ከዲስኩ ጀርባ የሚቀረውን ክፍተት በሚሊ ሜትር ለክቶ ቢጽፍ፣ ገዢው ዕቃውን ከማሸጉ በፊት ከገመዱ ጋር ሊያስተያየው ይችላል።