የትከሻና የላይኛው ክንድ አወቃቀር፦ ከጉዳት በኋላ የነርቭና የደም ዝውውር ምርመራ ስለሚቀድምበት ምክንያት

የትከሻ መገጣጠሚያ ከሰውነት መገጣጠሚያዎች ሁሉ የላቀ የመንቀሳቀስ ነፃነት አለው። ይህን ነፃነት ያገኘው ግን ጽናቱን አጥቶ ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ እንደሚቀመጥ በጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ የተተከለ ሲሆን፣ የትከሻው ግን በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደ ተቀመጠ ኳስ ነው። ግሌኖይድ የተባለው የስካፑላ ገበታ፣ ክንድ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን፣ ከሂውመረስ ራስ ሲሦውን እንኳ አይሸፍንም። ጎድጓዳውን በጥቂቱ የሚያጠልቀው በዙሪያው ያለው ላብረም የተባለ የጠነከረ ቀለበት ነው። የቀረውን ጽናት የሚሰጡት የመገጣጠሚያው ከረጢት፣ ሊጋመንቶችና በአንድነት ሮታተር ካፍ የሚባሉት አራት ጡንቻዎች ናቸው፤ እነርሱም ሱፕራስፓይናተስ፣ ኢንፍራስፓይናተስ፣ ቴረስ ማይነርና ሰብስካፑላሪስ ናቸው። አራቱም መገጣጠሚያውን ከላይ፣ ከኋላና ከፊት ሲያቅፉት ከታች በኩል ክፍት ይተዉታል። ትከሻ ሲወልቅ የአጥንቱ ራስ በአብዛኛው ወደ ፊትና ወደ ታች የሚወጣው ስለዚህ ነው።

ክላቪክል ክንድን ከደረት አጥንት ጋር የሚያያይዝ ብቸኛው የአጥንት ድልድይ ነው። በመውደቅ ጊዜ በተለይ መካከለኛው ክፍሉ ይሰበራል፤ ሆኖም አብዛኛው ስብራት ክንድ በአንገት ላይ በሚንጠለጠል ጨርቅ ተይዞ ስለሚድን ይህ ጽሑፍ አይዘገይበትም።

ከስብራቱ ይልቅ የሚያሳስበው ከአጥንቱ ጋር ተጣብቀው የሚያልፉት ነርቮችና ደም ቅዳዎች ናቸው። ከአንገት የሚነሣው የነርቮች መረብ በብብት በኩል አልፎ ወደ ክንድ ይወርዳል። አክሲላሪ ነርቭ የሂውመረስን አንገት ይዞራል፤ ራዲያል ነርቭ ከአጥንቱ ግንድ ጀርባ ባለው ጠምዛዛ ቦይ ይሄዳል፤ ሚዲያን ነርቭና ብራኪያል ደም ቅዳ ጎን ለጎን ሆነው ከክርን ፊት ያልፋሉ። ስለዚህ ስብራቱ ወይም ውልቃቱ የት እንደ ሆነ የሚያውቅ ባለሙያ የትኛውን ነርቭ አስቀድሞ መመርመር እንዳለበትም ያውቃል።

ከትከሻ ውልቃቶች ከመቶ 95 ያህሉ ወደ ፊት የሚሆኑ ናቸው። ክንድ ወደ ጎን ተነሥቶና ወደ ውጭ ዞሮ ሳለ ኃይል ሲያርፍበት ይደርሳል። የትከሻው ክብ ቅርጽ ጠፍቶ ማዕዘን ያወጣል፤ ታማሚውም ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ ይመጣል። ባንካርት እ.ኤ.አ. በ1923 የላብረሙን ከፊት መገንጠል፣ ሂልና ሳክስ ደግሞ በ1940 በአጥንቱ ራስ ጀርባ የሚቀረውን ስርጉድ አብራርተዋል። ከ20 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ትከሻው አንድ ጊዜ ከወለቀ ዳግም የመውለቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ከ40 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ግን ይበልጥ የሚያሰጋው የሮታተር ካፍ መቀደድ ነው።

ወደ ኋላ የሚሆነው ውልቃት ጥቂት ቢሆንም ተሰውሮ የማለፍ ልማድ አለው። ብዙውን ጊዜ የሚጥል በሽታ ከተነሣ ወይም የኤሌክትሪክ አደጋ ከደረሰ በኋላ ይከሠታል። ከፊት ብቻ የተነሣ ራጅ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ታማሚው ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ካቃተው ግን ከሌላ አቅጣጫ ሁለተኛ ራጅ ሳይነሣ ማሰናበት አይገባም።

የወለቀን ትከሻ ወደ ቦታው ከመመለስ በፊት የአክሲላሪ ነርቭ ይመረመራል። የተለመደው የትከሻን የውጭ ቆዳ ዳስሶ ስሜት መኖሩን መጠየቅ ነው። ይህ ብቻውን አያስተማምንም፤ ቆዳው እየተሰማው ዴልቶይድ ጡንቻ የሰነፈበት ታማሚ አለና። ሕመሙ በፈቀደ መጠን ጡንቻውን እንዲያጠብቅ ጠይቆ በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። ውጤቱም ይጻፋል። ከመመለሱ በፊት ያልተጻፈ የነርቭ ድክመት ከመመለሱ በኋላ ቢገኝ፣ ከአደጋው ይሁን ከሕክምናው መለየት አይቻልም። በዕድሜ በገፉት ሰዎች ላይ ራጅ አስቀድሞ መነሣቱም እንዲሁ ግድ ነው፤ ከውልቃቱ ጋር የአንገት ስብራት ካለ ጉተታው የአጥንቱን ራስ ከግንዱ ሊለየው ይችላል። ኮኸር እ.ኤ.አ. በ1870 ያስተዋወቀው የማዞር ስልት በኃይል ሲሠራ አጥንት ይሰብራል፤ በዝግታ መጎተት ይመረጣል።

በሂውመረስ ግንድ ስብራት ከመቶ ከ10 እስከ 12 ያህሉ ታማሚዎች ራዲያል ነርቫቸው ይጎዳል። ሆልስታይንና ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1963 የገለጹት የታችኛው ሲሦ ጠምዛዛ ስብራት በዚህ በተለይ ይታወቃል። ምልክቱ የእጅ አንጓ ወደ ታች መውደቅና አውራ ጣትን ማንሣት አለመቻል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚስተው ነገር አለ፦ ወደ ትራይሴፕስ የሚሄዱት የነርቩ ቅርንጫፎች ከስብራቱ በላይ ስለሚለዩ ታማሚው ክርኑን በደኅና ይዘረጋል። ክርኑን ብቻ የፈተነ ሐኪም ነርቩ ደኅና ነው ብሎ ይጽፋል። ደግነቱ አብዛኞቹ እነዚህ ነርቮች በወራት ውስጥ ራሳቸው ያገግማሉ።

ጊዜ የማይሰጠው ጉዳት በልጆች ላይ ከክርን በላይ የሚደርሰው ስብራት ነው። ልጁ በተዘረጋ እጁ ላይ ሲወድቅ የላይኛው ስባሪ ወደ ፊት ወጥቶ ብራኪያል ደም ቅዳንና ሚዲያን ነርቭን ሊጫን ወይም ሊወጋ ይችላል። እብጠቱ ከአደጋው በኋላ ባሉት ሰዓታት ይጨምራል፤ ማሰሪያው ግን አብሮ አይሰፋም። በጡንቻዎቹ ክፍል ውስጥ ግፊቱ ሲያይል ጡንቻው ደም አጥቶ ይሞታል፤ ኋላም ጣቶቹ ተኮማትረው ይቀራሉ። ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 የገለጸው ይህንን ነው። የደም ሥር ትርታ መኖሩ ዋስትና አይሆንም። የመጀመሪያው አስጠንቃቂ እየባሰ የሚሄድ ሕመምና ጣቶች በሰው እጅ ሲዘረጉ የሚሰማ ከባድ ሥቃይ ነው።

በኢትዮጵያ ብዙ ስብራት አስቀድሞ የሚደርሰው ከወጌሻ እጅ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ይታመናል፣ ክፍያውም ቀላል ነው። በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ስንጥቅ ተጣብቆ የታሰረ ክንድ ግን ከላይ የተገለጸውን ግፊት ያባብሳል፤ ጋንግሪን ሲከተልም እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ወጌሻን ማውገዝ ብቻ ሕመምተኛውን ይበልጥ ከጤና ተቋም ያርቃል የሚለው ክርክር ሚዛን ይደፋል። በአጣጥ ሆስፒታል አካባቢ ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ የጋንግሪንና የመቁረጥ ቁጥር መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ስለዚህ ታስሮ የመጣ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ቀዳሚው ሥራ ማሰሪያውን እስከ ቆዳው ድረስ መፍታት ነው፤ ራጁ ይከተላል። ልጁ አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን ገጥሞ ክብ መሥራት መቻሉ፣ አውራ ጣቱን ማንሣቱ፣ የጣቶቹ ቀለምና ሙቀት፣ ማሰሪያው የታሰረበትና የተፈታበት ሰዓት በሪፈር ወረቀቱ ላይ ይመዘገባሉ። የተቀባዩ ሆስፒታል ሐኪም ጡንቻው ስንት ሰዓት ያለ በቂ ደም እንደ ቆየ ሊገምት የሚችለው ከዚያ ወረቀት ነው።